«ሪትሪቭድ ፍሮም የታለ?»

ፈረንጅ አራዳ ፕሪንት ቤት በር ላይ ቆሜ ነው የምጽፈው፣ መብራት ሄዷል፣ የጅማ ዝናብም አልቆም ብሏል፣ እጄ ገና ይንቀጠቀጣል። አማካሪዬ የመመረቂያ ጽሁፌን ለሶስተኛ ጊዜ መለሰብኝ። ሶስተኛ! ያስመለሰው ዳታው አይደለም፣ አናሊሲሱ አይደለም፣ ሬፈረንሱ፣ የምንጮቹ ዝርዝር! ያውም የዌብሳይቶቹ።

ቀዩን እስክሪብቶ ይዞ ልጆቹ ሁሉ ፊት «ሪትሪቭድ ፍሮም የታለ?» አለኝ፣ ከሊንኩ በፊት የሚገባውን «የተገኘው ከ...» የሚለውን ማለቱ ነው። ሰር፣ ኤፒኤ 7 (የምንጭ አጻጻፍ መመሪያው ሰባተኛ እትም) ላይ እኮ ቀርቷል፣ ገጹ የሚቀያየር ካልሆነ አይጻፍም አልኩት። «ማን ነው ያስቀረው? አንቺ?» ልጆቹ ሳቁ። ሳቁ!! ሰባተኛው እትም የወጣው በፈረንጆቹ 2019 ነው፣ እሱ ጠረጴዛ ላይ ያለው የ2009ኙ ስድስተኛው ነው፣ ዲፓርትመንቱ ራሱ 7ን ተጠቀሙ ብሎ ለጥፏል፣ ይሄን ልነግረው አፌን ስከፍት «ቀጣይ!» ብሎ ሌላ ልጅ ጠራ።

ደግሞ ሊንኩ መጨረሻ ላይ ነጥብ አስጨመረኝ። ነጥቡ ከሊንኩ ጋር ከተጣበቀ እኮ ገጹ ላይከፈት ይችላል፣ ሊንክ የሚጻፈው ሰው ከፍቶ እንዲያይ አይደል እንዴ?

እሱስ ይሁን። ያንገበገበኝ ከጠቀስኳቸው ጸሐፊዎች የአንዷ ሴት ስም ነው። ጽሁፉን የጻፈችው እሷ፣ እሱ ግን የአባቷን ስም አስቀድሞ የሷን በአንዲት ፊደል አስቀራት። እኛ እኮ የቤተሰብ ስም የለንም! አባትየው አንድ መስመር ሳይጽፉ ደራሲ ሆኑ፣ የደከመችው ልጅ ደግሞ ጠፋች። አምና ሌላ መምህር «ኢትዮጵያዊ በራሱ ስም ነው የሚገባው» ብሎ ለዚሁ ማርክ ቀንሶብኛል። እባካችሁ መጀመሪያ እናንተ ተስማሙ!

ቀኑስ? ገጹ ላይ ጥር 2014 ይላል፣ በኛ። እንዳለ ብተወው በስምንት ዓመት ያረጀ ጽሁፍ ሊመስል ነው፣ ስለዚህ በፈረንጆቹ 2022 አልኩ። «ገጹ ላይ ያለው ይሄ አይደለም» ብሎ ሰረዘው። ሌሊት ሙሉ ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ ያስተካከልኩትን በሁለት ደቂቃ!

የዶርሜ ልጅ ደግሞ ግማሹን ከአንድ ገጽ ገልብጣ፣ ሊንኩን እንኳን ሳታስገባ፣ ባለፈው ሳምንት ተፈረመላት። ምንም አልተባለችም። እኔ የወሰድኩትን ሁሉ ከነባለቤቱ ስለጻፍኩ ነው ፊቴ የቀላው።

ደክሞኛል በቃ። መብራት መጣ መሰለኝ፣ ሪትሪቭድ ፍሮም ልጨምር፣ 43ቱም ሊንክ ላይ።