ሌብሮን 24ኛውን ሲዝን ይጫወት፣ እናንተን ምን አስጨነቃችሁ?

ሰሞኑን አንድ የኤፍኤም ስፖርት ፕሮግራም ላይ የአሜሪካ ባስኬት ሊግ (ኤንቢኤ) ኮከቡ ሌብሮን ጀምስ 24ኛ ሲዝን መጫወት የለበትም፣ ስሙን ሳያበላሽ በክብር ይውጣ ሲባል ሰማሁ። ሀሳብ ተሰጥቶ ቢያበቃ ምንም አልነበረም፣ አዘጋጁ ግን እንደ ዳኛ ፈርዶ ጨረሰው። ከዛ ወዲህ ደሴ ፒያሳ ካፌ ገብታችሁ ስለ ባስኬት ካወራችሁ የምትሰሙት ይህንኑ ነው። በክብር ይውጣ፣ በክብር ይውጣ። ያው እንደ ዜማ ተይዟል። እኔ ደሞ በጣም ነው ያናደደኝ።

መጀመሪያ ትልቁን ማስረጃቸውን እንየው። ማይክል ጆርዳን በመጨረሻ ዘመኑ ለዋሽንግተን ቡድን ሄዶ ስሙን አበላሸ ይላሉ። ምኑን ነው ያበላሸው? እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 2003 ላይ 40 ዓመት በሞላው በአራተኛው ቀን ኔትስ የሚባለው ቡድን ላይ 43 ነጥብ ያስቆጠረ ሰው ነው እኮ! በዛ ሲዝን 82ቱንም ጨዋታ ተሰልፎ በአማካይ 20 ነጥብ ይዞ ጨረሰ። ዋሽንግተን ፕሌይኦፍ (ለዋንጫ የሚደረገው ጥሎ ማለፍ) አልገባም፣ አዎ አልገባም፣ ታዲያ ምን ይሁን? ዛሬ ጆርዳን ሲባል ከቺካጎ ጋር የበላውን ስድስት ዋንጫ ትቶ ዋሽንግተንን የሚያነሳ አንድ ሰው አምጡልኝ። የሚያነሱት እነዚሁ ጡረታ አስወጪዎች ብቻ ናቸው፣ እነሱም የሚያነሱት ሌላውን ለማስፈራራት ነው።

ሁለተኛው አልቆለታል የሚለው ነው። ያለቀለት ሰውዬ በ2024/25 ሲዝን፣ መሀል ላይ 40 ዓመት ሞልቶት፣ 70 ጨዋታ ተጫውቶ በአማካይ 24.4 ነጥብ፣ 7.8 ሪባውንድ (ስታ የተመለሰች ኳስ መያዝ) እና 8.2 አሲስት (ነጥብ የሆነች ኳስ ማቀበል) ይዞ ነው የጨረሰው፣ የሊጉ ምርጥ ተጫዋቾች በሚመረጡበት ሁለተኛው ቡድን ውስጥም ገብቷል። ይሄን ቁጥር 25 ዓመት የሆነው ልጅ ቢያመጣ ኖሮ አዘጋጁ ፕሮግራሙን ሙሉ ስለ ልጁ ያወራ ነበር። 23ኛው ሲዝን ሲጀመር ከወገብ ወደ እግር በሚወርድ የነርቭ ህመም 14 ጨዋታ አምልጦታል፣ ይሄን አልክድም። ግን ተመልሶ በገባበት የመጀመሪያ ጨዋታ ዩታ ላይ 12 አሲስት ነው የሰጠው።

አሁን ዋናው ጉዳይ ላይ ልምጣ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱኝ። ዲሴምበር 4 ቀን 2025 ቡድኑ ሌከርስ ቶሮንቶ ላይ ያደረገውን ጨዋታ አስታውሱ። በኛ ሰዓት ሌሊት ስለነበር ብዙዎቻችሁ ጠዋት በስልክ ቅንጭቡን ነው ያያችሁት፣ እሱም ኔትወርክ ካገኛችሁ ነው። ሌብሮን ከጃንዋሪ 2007 ጀምሮ በተከታታይ በ1,297 መደበኛ ጨዋታ ከ10 ነጥብ በታች አስቆጥሮ አያውቅም ነበር። ወደ 19 ዓመት የሚጠጋ ነገር ነው። የዛን ቀን ኳሷ አልገባ ብላዋለች፣ 17 ሞክሮ 4 ብቻ ነው ያገባው፣ 8 ነጥብ ላይ ቆሟል። ጨዋታው 120 እኩል ነው፣ የቀረው ሰከንድ ብቻ ነው፣ ኳሷ እሱ እጅ ገባች። ሁለት ነጥብ ቢያገባ ሪከርዱም ይቀጥላል ቡድኑም ያሸንፋል። እንኳን እሱ፣ እዚህ ሰፈር ያለ ልጅም ይሞክራት ነበር። እሱ ግን ኮርነሩ ላይ የቡድን ጓደኛው ሩዪ ሃቺሙራ ብቻውን መቆሙን አየ፣ ሰጠው፣ ሃቺሙራ ሶስት ነጥብ አገባ፣ 123 ለ120 አለቀ። የ19 ዓመቱ ሪከርድ እዛው ቀረ። ሰውዬው እጁን አንስቶ ከጓደኞቹ ጋር እየጨፈረ ነበር።

እስኪ ይሄን አይታችሁ ንገሩኝ፣ ባለቤቱ ራሱ ያልሳሳለትን ቁጥር እናንተ ምን ቤት ናችሁና ነው የምትጠብቁለት? እሱ መጫወት ነው የያዘው፣ ማሸነፍ ነው የያዘው። ስሙ እንዳይበላሽ ብላችሁ የምትጨነቁት እናንተ ናችሁ፣ እሱም ለሱ አዝናችሁ አይደለም፣ በ2016 ፍጻሜ የተቃራኒውን ቡድን ኢጉዳላን ከኋላ ሮጦ ደርሶ ኳሷን ሲከለክለው ያያችሁትን ሌብሮን እንደዛው አድርጋችሁ ግድግዳ ላይ መስቀል ስለፈለጋችሁ ነው። ሰውን በቁሙ ፎቶ ማድረግ ነው ይሄ። ሽበት ያለው፣ አንዳንዴ ኳስ የሚስት፣ ዘሎ ከመደንከስ ይልቅ አይቶ ኳስ የሚያቀብል ሌብሮን ትዝታችሁን ስለረበሸባችሁ ከሜዳ ይጥፋልን ማለት ነው ይሄ ሁሉ ጩኸት።

ይሄ ነገር ደሞ አዲስ አይደለም፣ በራሳችንም ሰው ላይ አድርገነዋል። ቀነኒሳ በቀለ ለፓሪስ ኦሎምፒክ ሲመረጥ ያልተባለ ነገር አለ? በዛው ዓመት በ41 ዓመቱ ለንደን ማራቶን ላይ በ2:04:15 ሁለተኛ ወጥቶ እኮ ነው የመጣው፣ ማን በችሮታ ሰጠው? ፓሪስ ላይ 39ኛ ወጣ። እና? የአቴንሱና የቤጂንጉ ወርቅ ተመለሰ? 10,000 ሜትርን በ26:17.53 ገብቶ 15 ዓመት የቆየው ሪከርዱ አልተሮጠም ተባለ? ምንም አልሆነም። አንድ ትልቅ ሰው ሮጦ ጨረሰ፣ አለቀ። ማሞ ወልዴስ ሜክሲኮ ላይ በ36 ዓመቱ ወርቅ ከወሰደ በኋላ በክብር ውጣ ብለውት ቢሰማ ኖሮ በ40 ዓመቱ ሙኒክ ላይ ነሐሱ ከየት ይመጣ ነበር? ምሩፅ ይፍጠር ስንት ዓመትህ ነው እያሉ ሲያስቸግሩት ዶሮዬንም በጌንም ሊሰርቁኝ ይችላሉ ዕድሜዬን ግን ማንም አይሰርቀኝም አለ ይባላል፣ ሞስኮ ላይ ደሞ ሁለት ወርቅ ይዞ መጣ። እነዚህን ሰዎች እያነሳን የምንኮራ ሰዎች ሌላውን ዕድሜው እያየን ውጣ ስንል ትንሽ አናፍርም?

የወጣት ቦታ ዘጋ የሚሉም አሉ። የለም ባካችሁ። ሌከርስ ከሌብሮን በዕድሜ በጣም የሚያንሰውን ሉካ ዶንቺችን አምጥቶ ቡድኑን ለሱ ሰጥቷል፣ ማንም አልተዘጋም። ካሪም አብዱል ጀባር እዛው ሌከርስ 40 አልፎት ሻምፒዮን ሲሆን ከሱ በዕድሜ የሚያንሰው ማጂክ ጆንሰን ተዘጋ? ይልቅ አብሮት አደገ። ፓሪስ ላይ ወርቁን ያመጣልን ታምራት ቶላም ቢሆን 33 ሊሞላው ነበር፣ የወጣት ቦታ እያላችሁ የምትጮሁት የምትሉትን ራሳችሁ የምታውቁት አይመስለኝም።

እዚህ ደሴ ቅዳሜ ጠዋት አንድ የሲሚንቶ ሜዳ ላይ የሚጫወቱ አንድ ሰው አሉ፣ ስማቸውን አልጠቅስም፣ ልጆቹ ጋሼ ነው የሚሏቸው። ከ50 በላይ ናቸው፣ ጉልበታቸው ላይ ፋሻ ጠምጥመው ነው የሚመጡት። ከጦሳ ተራራ የወረደው ጉም ገና ሳይለቅ፣ ሪንጉ መረብ የለውም፣ ቦርዱ ወደ ግራ ያዘነበለ ነው። ጋሼ አይሮጡም። ቦርዱ በየት በኩል እንደሚያነጥር ግን ከማንም በላይ ያውቃሉ፣ ሪባውንዷ ወደሚወድቅበት ቀድመው ይቆማሉ፣ ኳሷን ሳያዩ ከጀርባ ያቀብላሉ፣ ቡድን ሲመረጥ ልጆቹ መጀመሪያ የሚሻሙት እሳቸውን ነው። አንድ ቀን አንድም ልጅ ይብቃዎት ሲላቸው አልሰማሁም። ያ የ18 ዓመት ልጅ የገባው ነገር ማይክ የያዘው ጋዜጠኛ እንዴት አልገባውም? ወሎ ውስጥ አቦሉን አብሮህ የጠጣን ሰው በረካው ሳይደርስ ተነስ አትለውም፣ ነውር ነው!

አንድ ነገር ብቻ እቀበላለሁ። ብሩ ይከብዳል። ለ23ኛው ሲዝን ከ52 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው የተከፈለው፣ ሊጉ ደሞ የደሞዝ ጣሪያ ስላለው ለአንድ ሰው ይሄን ያህል ከተከፈለ ሉካ አጠገብ ጥሩ ተከላካይና ጥሩ ሴንተር (ሪንጉ ስር የሚጫወት ረጅም ተጫዋች) ማምጣት አይቻልም። ይሄ የሂሳብ ክርክር ነው፣ በሂሳብ የሚከራከረኝ ካለ ቁጭ ብዬ እሰማዋለሁ። ግን መፍትሄው ሰውየውን ማባረር አይደለም። ካሁኑ በጣም ባነሰ ደሞዝ የአንድ ዓመት ኮንትራት ይስጡት፣ ከፈለገ አምስተኛ ዋንጫውን ይሞክር፣ ሌከርስ እምቢ ካለ ደሞ የድሮ ቡድኑ ክሊቭላንድ አለ፣ ሌላም ቡድን አይጠፋም። እሱም ገንዘቡን ይቀንስና ይፈርም። በኛ ሰዓት ጠዋት 12 ተኩል ላይ የሎስ አንጀለስ ጨዋታ ሲጀመር ማየት የማይፈልግ ሰው ይተኛ፣ እኛ እናያለን።