ዊልያም ኤስ. ሃርት፦ የምዕራቡ ልጅ ወይስ የመድረክ ሰው?

የክርክሩ መነሻ፦ ዊልያም ኤስ. ሃርት (1864–1946) በድምፅ አልባው ፊልም ዘመን የአሜሪካን ምዕራብ በእውነተኛ ገጽታው ያሳየ ተዋናይ ነው። ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ደጋፊ፦ ሃርት በ1914 ወደ ፊልም ሲገባ 49 ዓመቱ ነበር። ይዞት የመጣውም አቧራ የጠጣ ልብስ፣ የተጎሳቆለ መጠጥ ቤትና ለፈገግታ የማይቸኩል ረጅም ፊት ነበር። ሌላው የካውቦይ ፊልም ተዋናይ ቶም ሚክስ ባጌጠ ልብስ የፈረስ ትርኢት በሚያሳይበት ዘመን፣ ሃርት የደከመውንና ኃጢአቱ የከበደውን ሽፍታ አሳየን። በልጅነቱ በዳኮታ ምድር የኖረ በመሆኑ፣ እርሱ ምዕራቡን አልተወነውም፤ ኖሮታል።

ተቃዋሚ፦ ኖሮታል? ሃርት የተወለደው ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ በምትገኘው ኒውበርግ ነው። ጎልማሳነቱን የፈጀው በመድረክ ላይ ሲሆን፣ በ1899 «ቤን ኸር» የተባለው ተውኔት በኒውዮርክ የቲያትር መንደር በብሮድዌይ ሲታይ፣ የዋናው ገጸ ባሕርይ ባላንጣ የሆነውን መሳላን ሆኖ የተወነው እርሱ ነበር። ሽፍታው የአንዲት ንጽሕት ሴት ፊት አይቶ በቅጽበት የሚለወጥበት ታሪክም የቲያትር ቤት ውርስ ነው። ደጉን ሽፍታ ደግሞ ተዋናዩ ብሮንኮ ቢሊ አንደርሰን ቀድሞት በፊልም አሳይቶታል።

ደጋፊ፦ የትውልድ ስፍራን እንደ ማስረጃ መቁጠር ከእርስዎ የማልጠብቀው ነው። በ1916 የወጣውን «ሄልስ ሂንጅስ» ይመልከቱ። ሃርት ሁለት ሽጉጥ ይዞ መጠጥ ቤቱ ውስጥ ይገባል፣ ሰዎቹን አግቶ መብራቶቹን በጥይት ይመታል፣ እሳቱም ከተማዋን ጠቅልሎ ይበላታል። በዚያ ጭስ ውስጥ ሲራመድ የሚታየው ሰው ሕፃናትን ለማስደሰት የተፈጠረ ጀግና አይደለም።

ተቃዋሚ፦ ስለ አንደርሰን ያነሳሁትን አልፈውታል፤ «ኖሮታል» ያሉትንም አላስረዱም። እርስዎ የጠቀሱት ፊልም ክፉውን ሰው የሚያስተዋውቀው የሜክሲኮን ሰው ተንኮልና የእባብን ክህደት የቀላቀለ ነው በሚል ጽሑፍ ነው። በምዕራቡ የኖረ ሰው ጎረቤቱን የሚያውቀው እንዲህ ከሆነ፣ የልብሱ አቧራ ምን ዋጋ አለው? ተመልካቹ በ1920ዎቹ ፊቱን ወደ ሚክስ ያዞረውም ሃርት አንዱን ታሪክ እየደጋገመ ስላሰለቸው ነው።

ደጋፊ፦ አንድን ሰው በዘመኑ ነውር ብቻ መመዘን ያሳዝነኛል። ሃርት የተገፋው የያዘውን መንገድ አልለቅም በማለቱ ነው። በ1893 የተካሄደውን የኦክላሆማ የመሬት ሽሚያ የሚተርከውን «ተምብልዊድስ»ን በ1925 ሠርቶ ሲጨርስ፣ አከፋፋዩ ዩናይትድ አርቲስትስ በአግባቡ ስላላሰራጨለት ከሶት ረታ። ከዚያ በኋላ ዋና ተዋናይ ሆኖ ፊልም አልሠራም። በካሊፎርኒያ ኒውሆል የነበረውን ቤቱንና መሬቱን፣ ሳንቲማቸውን ከፍለው ፊልሞቹን ያዩት ሰዎች እንዲገቡበት ብሎ ለሎስ አንጀለስ አውራጃ ተናዘዘ። ከዚህ የበለጠ ታማኝነት ከየት ይመጣል?

ተቃዋሚ፦ ቸርነቱን አልካድኩም፤ የተከራከርነው ግን ስለ ኑዛዜው አልነበረም። «ተምብልዊድስ» በ1939 እንደገና ሲወጣ ሃርት በርስቱ ላይ ቆሞ የተናገረው መግቢያ ታክሎበታል። ፈረሱን ፍሪትዝን ሲያነሳ ድምፁ ይሰበራል፣ እኔም እነካለሁ። ነገር ግን ቃላቱን እየጎተተ፣ እጁን እየዘረጋና ድምፁን ከፍ ዝቅ እያደረገ የሚናገረው የአሮጌው ቲያትር ሰው ነው። ሙያውን የተማረው በዳኮታ ሜዳ ሳይሆን በመድረክ ላይ መሆኑን ከዚያ መግቢያ በላይ የሚመሰክር የለም፤ «ኖሮታል» የሚለውን እስካላነሱ ድረስም አልስማማም።