ማርሽ የሌለው ፍሪሲዮን

ጥያቄው ይሄ ነበር፦ የመኪና ውድድር ጌም ለሚጀምር ሰው ያገለገለ ሎጂቴክ ጂ29 መሪ ይበቃዋል ወይስ ቆጥቦ ሞዛ አር5 የሚባለውን መሪ ይግዛ? አንድ ሰው ከኮዬ ፈጬ፣ አንድ ልጅ ከለገጣፎ ተከራከሩ።

ከኮዬ ፈጬ፦ ይበቃዋል እንጂ! ጂ29 እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ገበያ ላይ ያለ ዕቃ ነው። ፕሌይስቴሽን ላይ ይሰካል፣ ኮምፒውተር ላይም ይሰካል። መሪው ከጫፍ ጫፍ 900 ዲግሪ ይዞራል፣ ሁለት ዙር ተኩል ማለት ነው። ፔዳሉ ደግሞ ሦስት ነው፦ ነዳጅ መስጫ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን። ከአር5 ጋር የሚመጣው ሁለት ብቻ። እኔ በዚሁ ፍሪሲዮን ተለማምጄ ነው የመንጃ ፈቃድ ፈተና ያለፍኩት። ቆጥብ የሚሉት ልጆች ቆጥበው ሳይጨርሱ ጌሙ ራሱ ያረጃል።

ከለገጣፎ፦ ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ጂ29 ካርቶኑ ውስጥ የማርሽ ዱላ የለም። ለብቻው ነው የሚሸጠው። ማርሽ የሚቀየረው ከመሪው ጀርባ ያሉትን ሁለት ቅጠል መሰል ማንሻዎች በጣት ጠቅ በማድረግ ነው፣ ለዚያ ደግሞ ፍሪሲዮን አያስፈልግም። ታዲያ ግራ እግርዎ ምን ሲሠራ ከረመ? ወደ ቁም ነገሩ ስንመጣ፣ የጌም መሪ ውስጥ መሪውን ከእጅ ጋር የሚያታግል ሞተር አለ፤ ጂ29 የሞተሩን ጉልበት ወደ መሪው የሚያደርሰው በጥርስ ነው። ጥርስ ከጥርስ ሲጋጭ ይንኳኳል፣ እርስዎ ደግሞ ኮንዶሚኒየም ነው ያሉት። የአር5 መሪ በቀጥታ ሞተሩ ላይ ነው የሚገጠመው፤ ጉልበቱ 5.5 ኒውተን ሜትር ነው፣ የጂ29 ከ2 ብዙም አይዘልም። ጎማው መንሸራተት ሲጀምር እጅዎ ቀድሞ ያውቃል።

ከኮዬ ፈጬ፦ ማርሹን ከአራት ወር በኋላ ገዝቻለሁ፣ ደስ ይበልህ። አንተ ግን አር5 ፕሌይስቴሽን ላይ እንደማይሠራ ለምን ዘለልከው? ኮምፒውተር ከሌለህ ዋጋ የለውም። ስለዚህ ለጀማሪው ቆጥብ ስትለው ግራፊክስ ካርድ ላለው ኮምፒውተርም ቆጥብ እያልከው ነው፣ በግልጽ ንገረው። ደሞስ ያን ሁሉ ጉልበት ምን ላይ ሊያስረው ነው? እኔ የመጀመሪያ ቀን የፕላስቲክ ጠረጴዛ ላይ አሰርኩት። የጂ29 ፍሬን ውስጡ ጎማ ስላለው ጠንካራ ነው። ደህና አድርጌ ስረግጠው ፔዳሉ ሊሾው ላይ ተንሸራቶ ግድግዳው ሥር ገባ፣ እኔ ደግሞ ባለ ጎማ ወንበሬ ላይ እንደተቀመጥኩ ወደ ኋላ። ከሥሩ ያሉት ሹል ነገሮች ለምንጣፍ ናቸው ለካ! አሁን ፔዳሉን ከወንበሩ ጋር በገመድ አስሬዋለሁ። ጀማሪ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ገመድ ነው።

ከለገጣፎ፦ አራት ወር! አራት ወር ሙሉ ማርሽ የሌለው ፍሪሲዮን! ማርሹ ቢኖርስ? እዚያ ፔዳል ውስጥ ያለው ስፕሪንግ ነው። እውነተኛ መኪና ላይ ፍሪሲዮን ሲለቁ የሚይዝበት ቦታ አለው፤ የሞተሩ ድምፅ ይወርዳል፣ መኪናው ይንቀጠቀጣል፣ እግር የሚማረው ያንን ነው። ስፕሪንግ ረግጦ መንጃ ፈቃድ አወጣሁ ማለት ውሃ በሌለበት ዋና ተማርኩ እንደማለት ነው።

ከኮዬ ፈጬ፦ አስተማረኝ አላልኩም፣ ተለማመድኩበት ነው ያልኩት። እኔ መንጃ ፈቃድ ያወጣሁት በ44 ዓመቴ ነው። አሠልጣኙ በልጆች ፊት "አባባ፣ ፍሪሲዮን! አባባ፣ ፍሪሲዮን!" እያለ ሲጮህብኝ ይውላል፤ ማታ ቤቴ ገብቼ በሬን ዘግቼ ግራ እግሬን ሳለማምድ ማርሽ ኖረ አልኖረ አንተን ምን አገባህ? ይልቅ ያንተ መሪ የትኛው ነው?

ከለገጣፎ፦ እየቆጠብኩ ነው። ለጊዜው በጆይስቲክ ነው የምጫወተው፣ እሱ ደግሞ ከጥያቄው ጋር አይገናኝም። ላሾፍብዎት ፈልጌ አይደለም ጋሼ። ስለ ድምፁ ግን እስካሁን አልመለሱልኝም።

ከኮዬ ፈጬ፦ በጆይስቲክ! በጆይስቲክ ሆነህ ነው ስለ ጎማ መንሸራተት የምትነግረኝ? ድምፁን በተመለከተ፣ የታችኛው ቤት ሰውዬ አንድ ማታ አንኳኩቶ "በዚህ ሰዓት ቡና ትወቅጣላችሁ እንዴ?" ብሎኛል። ቅዳሜ ከሰዓት መጥተህ ሞክረው። ማታ ግን አይሆንም።