ማስተካከያ፦ የአሮጌዋ ማሲ ፈርጉሰን ጉልበት ማጣት

ባለፈው ሳምንት እዚህ አዳማ ስላለችው የአጎቴ ማሲ ፈርጉሰን 135 ትራክተር ጽፌ ነበር፣ ባዶዋን ደህና ትሄድና ሽንኩርት የጫነ ተጎታች ስትስብ ጉልበት ታጣለች፣ "ፖምፓው (ናፍጣ ወደ ሞተሩ የሚረጨው) አልቋል አውርዳችሁ አሠሩት" ያልኩት። ተሳስቻለሁ፣ እኔን ሰምቶ ፖምፓ ያወረደ ካለ ይቅርታ።

ትላንት ከአጎቴ ጋር ቆመን ስናያት 20 ደቂቃ ያህል አሪፍ ትጎትትና ቀስ በቀስ እየደከመች ትጠፋለች፣ ትንሽ አርፋ ስትነሳ ደሞ ምንም እንዳልሆነች ናት። ያለቀ ፖምፓ ብዙ ጊዜ ትንሽ አርፎ እንዲህ አይድንም እኮ! የናፍጣ ታንከሩን ክዳን ፈታ ስናደርገው "ፍስስስ" ብሎ አየር ሳበ፣ ለካ ክዳኑ ላይ ያለችው የመተንፈሻ ቀዳዳ በአቧራና በቅባት ተደፍናለች። ናፍጣው ሲቀንስ በቦታው አየር ካልገባ ወደ ፊልትሮ (ወደ ናፍጣ ማጣሪያው) በደንብ አይወርድም። በቀጭን ሽቦ ከፈትናት፣ አለቀ፣ በነጻ።

ሌላው የጭሱ ነገር ነው፣ ጥቁር ጭስ ናፍጣ ሲያጥራት ነው ብያለሁ፣ ተገላቢጦሽ ነው፤ ጥቁር ጭስ ናፍጣው ከሚገባው አየር ሲበዛ ነው ስለዚህ መጀመሪያ አየር ማጽጃውን እዩ፣ የድሮዎቹ ከታች ዘይት ያለበት ሳህን አላቸው፣ ዘይቱ ጭቃ ከሆነ ቀይሩት ግን ከምልክቱ በላይ አትሙሉት። ናፍጣ ሲያጥራት ብዙም አታጨስም፣ ዝም ብላ ነው የምትሞተው። የናፍጣ ፊልትሮ ከቀየራችሁ ደሞ ናፍጣ መስመሩ ውስጥ የገባውን አየር አስወጡ፣ አለዚያ አልነሳም ብላ ታስለቅሳችኋለች።