በኢሳን ገጠር የት ይበላል?

በሰሜን ምሥራቅ ታይላንድ፣ 20 ክፍላተ ሀገርን በሚያቅፈው በኢሳን፣ በሩዝ ማሳ መካከል ቆሞ «እዚህ አካባቢ ጥሩ ምግብ ቤት የት አለ?» ብሎ የሚጠይቅ እንግዳ፣ ጥያቄው ገበሬውን ለምን ግራ እንዳጋባው ቶሎ አይገባውም። እንግዳው ምግብ ቤት ሲል በር፣ የስም ሰሌዳ፣ የዋጋ ዝርዝርና አስተናጋጅ ያለበትን ቤት ማለቱ ነው፤ በኢሳን መንደር ግን ከአራቱ አንዱም ሳይኖር ጠግቦ መነሣት ይቻላል፤ አራቱ የተሟሉበት ቤት ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚፈለገው ከባንኮክ የመጣ ዘመድ ሲጋበዝ ነው።

መንደርተኛው ምግብ ቤት የሚለው የአንዲት ሴት ደጃፍ ነው። የቆርቆሮ ጥላ፣ የፕላስቲክ ወንበር፣ ለእጅ መጥረጊያ የቀረበ የመጸዳጃ ቤት ወረቀት፣ ከጎኑም የሸክላ ሙቀጫና የእንጨት ዘነዘና ይገኛል። ባለቤቲቱ ሶም ታም የሚባለውን የጥሬ ፓፓያ ሰላጣ ከመውቀጧ በፊት ስንት ቃሪያ እንደሚገባ ትጠይቃለች፤ ቃሪያው ቁመቱ አጭር፣ ጠባዩ የሚጥሚጣ ነው። በበርበሬ ያደገ አበሻ ደረቱን ነፍቶ «እንደ እናንተው ይሁን» ቢል፣ ከሦስተኛው ጉርሻ በኋላ ስለ አገሩ ጀግንነት የሚተርክበት ምላስ አይኖረውም።

ከቃሪያው ይልቅ ሰውን ከሰው የሚለየው ግን ፕላ ራ ነው፤ የወንዝና የኩሬ ዓሣ ከጨውና ከሩዝ ጋር ለወራት ታሽጎ የሚብላላበት፣ ሽታው ከባለቤቱ ቀድሞ እንግዳ የሚቀበል ማጣፈጫ። ባንኮክ ለሥራ ሄዶ ለበዓል የተመለሰ ወጣት፣ የከተማ ባልደረቦቹ አብረውት ካሉ፣ ኦቾሎኒና ደረቅ ሽሪምፕ ያለበትን፣ ፕላ ራ ያልነካውን የማዕከላዊውን አገር ሶም ታም ያዛል። ባልደረቦቹ ሲተኙ በእናቱ ማድ ቤት ምን ሲያደርግ እንደሚገኝ መናገር ነውር ስለሆነ እናልፈዋለን።

ከሁሉ የሚያሳዝነው አገሬውን አግብቶ ጡረታውን እዚያ የሚያሳልፈው ፈረንጅ ነው። አማቶቹ ሰሌን ዘርግተው፣ የሚጣበቀውን ሩዝ ክዳን ካላት የቀርከሃ ሙዳይ በእጃቸው እየቆረሱ፣ የተጠበሰ ዶሮና ላብ የሚባለውን ቅመም የበዛበት ክትፎ ከበው «ና፣ ብላ» ሲሉት፣ እርሱ በልቻለሁ ብሎ ሀምበርገር ፍለጋ ወደ ከተማ ይነዳል። ማታ ሲመለስም በዚህ አገር የሚበላ ነገር እንደሌለ ያማርራል። አማቲቱ በቋንቋ ስለማይግባቡ የሚያማርረው ረኃቡን መስሏቸው ሩዝ ይጨምሩለታል።

የጎማ ፋብሪካው ሚሼሊን እንኳ በእ.ኤ.አ. 2023 የምግብ መመሪያው የኢሳን ከተሞች የሆኑትን ናኮን ራትቻሲማን፣ ኮን ኬንን፣ ኡዶን ታኒንና ኡቦን ራትቻታኒን አካቷል። ጎማን በትራክተሩ ብቻ የሚያውቀው ገበሬ ጎማ ሻጭ ስለ ፓፓያ ምን አገባው ቢል አይፈረድበትም፤ የከተማው ሰው ግን አያቱ በነጻ ያበሉት የነበረውን ምግብ ፎቶግራፍ ለማንሣት መሰለፉን አልተወም።

ምስጋናው ሁሉን አይሸፍንም። ከሐሞት ጋር የሚቀርበውን ጥሬ ሥጋ ያየ ቁርጥ ወዳድ አበሻ ዘመዶቹን ያገኘ ሊመስለው ይችላል፤ ጥሬው የወንዝ ዓሣ ግን የጉበት ትል ያስተላልፋል፣ ትሉም ለሐሞት ቱቦ ካንሰር ይዳርጋል። የጤና ሠራተኞች አብስላችሁ ብሉ ሲሉ ዓመታት አልፈዋል። ሽማግሌዎቹ ትሉን ሎሚና አረቄ ይገድለዋል ብለው ይከራከራሉ፤ አረቄው እስካለ ድረስም ክርክሩ አያልቅም።

የት እንደሚበላ ለሚጨነቅ ሰው በጎ ዜናው፣ ጠዋት ጠዋት ዓሣ፣ አትክልትና የተዘጋጀ ወጥ በላስቲክ ቋጥሮ በየጎኑ ያንጠለጠለ ፒክአፕ በድምፅ ማጉያ እየለፈፈ መንደሩን መዞሩ ነው። ምግብ ቤቱ ራሱ ደጅ ድረስ ይመጣል ማለት ነው። አርፍዶ የሚነሣ እንግዳ ከመንደሩ ሱቅ የታሸገ ኑድል ገዝቶ፣ የፈላ ውኃ ከጎረቤት ይለምናል።