በር ተሳስተው ሻርክ ላዩ ሁሉ

ምስጋና የሚገባው ሰው ሳይመሰገን መቅረት የለበትም። እኔ ዛሬ የማመሰግነው የሻርክ ፊልም ተመልካቹን ነው። ፊልሙን አይደለም፤ ፊልሙማ ገንዘቡን ወስዷል። የማመሰግነው ያን ይሉኝታ የሚያውቅ ጨዋ ሰው ነው።

ይህ ሰው በሰው ፊት የሻርክ ስም አያነሳም። ምን ዓይነት ፊልም ትወዳለህ ሲሉት ትንሽ ያስባል። አገጩን ይይዛል። ከዚያ አንዲት ሴት መስኮት ላይ ቆማ ዝናብ ስታይ የምታመሽበትን ጥቁርና ነጭ ፊልም ይጠራል። «ዝምታው ራሱ ይናገራል» ይላል። ዝምታው ሲናገር እሱ እያንኮራፋ እንደነበር አይነግራችሁም። ማታ ቤቱ ሲገባ በሩን ይቆልፋል፣ መጋረጃውን ይጋርዳል፣ ድምፁን ይቀንሳል፣ ሻርኩን ይከፍታል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!

እጅ ከፍንጅ ቢያዝ እንኳ መልስ አያጣም። «ለመሳቅ ብዬ ነው።» «ልጆቹ ከፍተውት ነው።» ልጅ የሌለው ደግሞ «ሪሞቱ ጠፍቶብኝ ነው» ይላል።

ጨዋነቱ በገንዘብም ተለክቷል። በፈረንጆቹ 2018 የወጣው «ዘ ሜግ» ከ130 ሚሊዮን ዶላር በላይ ፈጅቶ ከ500 ሚሊዮን በላይ አስገባ። በ2023 ተከታዩ መጣ፤ እሱም ወደ 400 ሚሊዮን ተጠጋ። አየሁት የሚል ሰው ግን ዞራችሁ አታገኙም። እንግዲህ ሻርኮቹ ራሳቸው ተሰልፈው ትኬት ቆርጠዋል ማለት ነው።

ከሁሉ የማደንቅለት ግን የሳይንስ ፍቅሩን ነው። አክተሩ ያን ሁሉ ፍጥረት ብቻውን ሲገጥም ትንፍሽ አይልም። አክተር እንደማይሞት ያውቃል። ሜጋሎዶኑ፣ ያ የጥንቱ ግዙፍ ሻርክ፣ ከጥልቁ ብቅ ሲል ግን ወዳጃችን ወዲያው ፕሮፌሰር ይሆናል። «ይሄ እንስሳ እኮ ከጠፋ 3.6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆኖታል!» እውነቱን ነው። «ሞቅ ያለ ውኃ ለምዶ የኖረ እንስሳ በፓስፊክ ውቅያኖስ ወለል፣ በማሪያና ሸለቆ፣ ወደ 11 ኪሎ ሜትር ወርዶ፣ በዚያ ብርድ ምን በልቶ ይኖራል?» ይሄም እውነት ነው። «ደግሞ ሻርክ ድምፅ ማውጫ የለውም፤ ማነው የሚያገሳው?» ይሄንንም አልተሳሳተም። ሦስቱንም የሚናገረው ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል ነው። ለሽንት እንኳ አይነሳም።

ሳይንስ ጉድ የሠራው በአንድ ነገር ብቻ ነው። የሻርክ አካል በልም አጥንት የተሠራ ስለሆነ ሲሞት በቀላሉ ይበሰብሳል። ከሜጋሎዶን በብዛት የተረፈው ጥርስ ነው፤ ትልቁ ወደ 18 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። ርዝመቱ የሚገመተው ከዚያና ከጥቂት የአከርካሪ አጥንቶች ነው። ወዳጃችን «ከሃያ ሜትር በላይ? ኧረ አታጋንኑ!» ሲል ከረመ። በ2025 አንድ ጥናት ወጣና እስከ 24 ሜትር ሊደርስ ይችል ነበር አለ። ያን ሰሞን ወዳጃችን ስለ ሳይንስ ብዙ አላወራም።

ከተመልካቾቹ መካከል «ድሮ ቀረ» የሚሉም አሉ። የእነሱ ፊልም የ1975ቱ «ጆውስ» ነው። «ሻርኩን ሳያሳይ ነው የሚያስፈራው፤ ጥበብ ማለት ያ ነው» ይላሉ። ሜካኒካሉ ሻርክ ጨው ውኃ ሲገባ እየተበላሸ ስላስቸገረ ነበር ካሜራው ብዙውን ጊዜ ሌላ ሌላ ሲያይ የኖረው። ዛሬ በኮምፒውተር የተሠራ ሻርክ ጨው አይጎዳውም። ስለዚህ ጥርሱን አንድ በአንድ ቆጥረን እንወጣለን።

ፍርሃቱንስ ማን ይችለዋል? ሰው ሳይነካቸው ሻርኮች የሚገድሉት ሰው በዓለም ዙሪያ በዓመት በአማካይ ከአሥር አይሞላም። ሰው በዓመት የሚገድላቸው ሻርኮች ደግሞ ወደ 100 ሚሊዮን ይገመታሉ። ማን በማን ጥርስ ውስጥ እንደገባ እናንተው ፍረዱ። ወዳጃችን ግን መዋኛ ገንዳ ሲገባ እግሩን ሰብስቦ ታች ታች ያያል። በክሎሪን ውኃ ውስጥ!

እኔ ራሴ አንድ ጊዜ የሻርክ ፊልም ለማየት ብቻዬን ሲኒማ ገባሁ። ኮፍያዬን እስከ ቅንድቤ አወረድኩ። የመጨረሻው ረድፍ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። ሻርኩ ጀልባዋን ሲገለብጥ ከጎኔ አንድ ሰው «በለው!» ብለው ጮኹ። ድምፃቸውን የማውቀው መሰለኝ። ፊልሙ አልቆ መብራት ሲበራ አየኋቸው። ስለዚያ የዝናብ ፊልም ለሁለት ሰዓት ያስተማሩኝ የማከብራቸው ሰው ናቸው።

«በር ተሳስቼ ነው» አሉኝ፣ ልብሳቸው ላይ የተበተነውን ፈንዲሻ እያራገፉ።

«እኔም ተሳስቼ ነው ጋሼ» አልኳቸው።

ሁለተኛው ክፍል ሲወጣም እዚያው ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተሳሳትን።