ያላለቀ ጌም ሸጦ መሄድ ይቅር

ፕራይቬት ዲቪዥን የሚባለውን የጌም አሳታሚ ብዙ ሰው በስሙ አያውቀውም። «ግራንድ ቴፍት ኦቶ»ን የሚያወጣው የአሜሪካው ቴክ ቱ ነው በ2017 እ.ኤ.አ. ያቋቋመው። ሐሳቡን እኔ እስከ ዛሬ እወደዋለሁ። ትንንሽ ስቱዲዮዎች ጌማቸውን ይሠራሉ፣ አሳታሚው ገንዘብ ያቀርባል፣ የሥራው ባለቤትነት ግን ከሠሪዎቹ አይወሰድም።

ጅምሩም ጥሩ ነበር። በ2019 የወጣው የኦብሲዲያን «ዘ አውተር ወርልድስ» በሚሊዮኖች ተሸጠ። ኦብሲዲያንን ግን ማይክሮሶፍት ቀድሞ ገዝቶታል። ስለዚህ ሁለተኛው ክፍል ወደዚያው ሄደ።

እኔን የሚያንገበግበኝ የ«ከርባል ስፔስ ፕሮግራም» ነገር ነው። የመጀመሪያው ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ የተሠራ፣ ሮኬት ገጣጥመህ ወደ ጠፈር የምትልክበት ድንቅ ጌም ነው። ስንቱ ወጣት የምህዋርን ፊዚክስ የተማረው በእሱ ነው! ቴክ ቱ በ2017 ገዛው፤ ሁለተኛውን ክፍል በፕራይቬት ዲቪዥን ስም እንዲያወጣው ስታር ቲዎሪ ለሚባል ስቱዲዮ ሰጠ። በ2019 መጨረሻ ኮንትራቱን ነጠቀና ሠራተኞቹን ወደ ራሱ አዲስ ስቱዲዮ ይጠራ ጀመር። ስታር ቲዎሪ ከጥቂት ወራት በኋላ ተዘጋ።

በ2020 ይወጣል የተባለው ጌም በየካቲት 2023 ገና ሳያልቅ በ50 ዶላር ለገበያ ቀረበ። ሰው የገዛው ቃል ተገብቶለት ነው፦ ሌላ ፕላኔት ላይ ሰፈራ መገንባት፣ ወደ ሌሎች ከዋክብት መጓዝ፣ ከጓደኛ ጋር መጫወት። አንዱም አልመጣም። በ2024 አዲሱ ስቱዲዮም ተበተነ። ሽያጩ ግን ቀጠለ።

በዚያው ሰሞን በፕራይቬት ዲቪዥን ሥር የነበረው፣ «ሮለርድሮም»ን የሠራው የለንደኑ ስቱዲዮ ሮል ሰቨንም ተዘጋ። ያ ጌም ገና በ2023 ባፍታ የሚባለውን የብሪታንያ ሽልማት ያገኘ ነው። በኅዳር 2024 ደግሞ ቴክ ቱ ፕራይቬት ዲቪዥንን ራሱን መሸጡን አስታወቀ። ምክንያቱ በዋና ዋና ጌሞቹና በሞባይል ሥራው ላይ ማተኮር ነው ተባለ።

ኩባንያ የማያዋጣውን ክፍል ቢሸጥ መብቱ ነው፤ አልከራከርም። «ያላለቀ ጌም መሆኑን ገዢው ያውቅ ነበር» የሚለው ክርክር ግን አይዋጥልኝም። ጌም በሚሸጥበት የኢንተርኔት መደብር በስቲም ላይ «ይህ ጌም ገና አላለቀም» የሚል ማስጠንቀቂያ መኖሩ እውነት ነው። አቅም ላነሳቸው ሁለትና ሦስት ልጆች ይሠራ ይሆናል። የሞባይል ጌም ሠሪውን ዚንጋን በ12.7 ቢሊዮን ዶላር ለገዛ እንደ ቴክ ቱ ላለ ኩባንያ ግን እንዴት መጠለያ ይሆናል?

ስቲም በመደበኛው አሠራሩ ገንዘብ የሚመልሰው በ14 ቀን ውስጥ፣ ከሁለት ሰዓት በታች ለተጫወተ ሰው ነው። ጌሙ ይሻሻላል ብሎ በትዕግሥት የጠበቀ ታማኝ ገዢ በዚህ ሕግ ባዶ እጁን ይቀራል። ሕጉ መቀየር አለበት። አሳታሚው ቃል የገባውን ሳያስገባ ሥራውን ካቆመ፣ ሽያጩ በዚያው ቀን ይቁም። የገዛው ሰውም ስንት ሰዓት ተጫወትክ ሳይባል ገንዘቡ ይመለስለት።